ምሩቃን ልጆቻችንና የጎረቤት ጉዳይ

ከጥንት ጀምሮ በአገራችን ፊደል ቆጥሮ ዳዊት የጨረሰ ልጅ ዕውቀቱ የብቻው ሆኖ አያውቅም። ከሩቅ አገር ደብዳቤ የመጣለት ጎረቤት ደብዳቤውን በነጠላው ጫፍ ቋጥሮ ወደ ልጁ ቤት ይመጣል፤ ልጁም ያነብለታል፤ መልስ የሚያሻው እንደ ሆነም እንደ ቃሉ ይጽፍለታል። የተማረው አንድ ሰው ሲሆን የሚጠቀመው መንደሩ በሙሉ ነበር። እናትና አባትም «ልጃችን ተማረልን» ብለው ደስ ሲላቸው የደስታቸው እኩሌታ ከዚህ የሚመጣ ነው።

በዛሬው ዘመን ልጆቻችን ከፊደልና ከዳዊት እጅግ አልፈው ሄደዋል። ከ40 በላይ የሆኑ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በየክልሉ ተከፍተው በየዓመቱ ብዙ ወጣቶችን ያስመርቃሉ። ከእነዚህም ወጣቶች በኮምፒዩተርና በኢንተርኔት ሳይሠራ ትምህርቱን የሚፈጽም የለም ማለት ይቻላል። ዳሩ ግን ዲግሪውን ይዞ የተመለሰው ልጅ ሥራ እስኪያገኝ ድረስ በቤት ተቀምጦ ስልኩን ሲመለከት፣ እናቱ በገዛ ስልካቸው የመጣውን መልእክት ለማስነበብ ወደ ሱቅ ሄደው የማያውቁትን ሰው ሲለምኑ ማየት የተለመደ ሆኗል። ልጁ ሰነፍ ስለ ሆነ ነው እንዳንል አብዛኞቹ ትጉሃን ናቸው። እናቲቱም ልጃቸውን የሚጠይቁት ቢያጡ ሳይሆን፣ «ትልቅ ትምህርት የተማረ ልጅ በእንዲህ ያለ ትንሽ ነገር አይታከትም» ብለው አፍረው ነው። እኛ እንደሚመስለን ጥበቡ ከመሥሪያ ቤት በፊት ለእናቱ ጉዳይ ሊውል የሚችል መሆኑን ለልጁም ለእናቲቱም የነገራቸው ሰው የለም።

ሊቃውንት ማኅበራዊ ፈጠራ የሚሉት አንድ ነገር አለ። ስሙ ቢከብድም ትርጓሜው የሚያስፈራ አይደለም፤ ብዙ ሰው በአንድነት የሚቸገርበትን ነገር፣ ከትርፍ ይልቅ ችግሩን አስቀድሞ፣ ባልተለመደ መንገድ ማቃለል ማለት ነው። እድርና እቁብም በተጀመሩበት ዘመን እንዲህ ያሉ ፈጠራዎች ነበሩ፤ የፈጠራቸውን ሰው ስም ማንም አልመዘገበውም እንጂ። ይህም ነገር ከተማሩ ወጣቶች የኮምፒዩተር ዕውቀት ጋር በተገናኘ ጊዜ ምን እንደሚሠራ ለማሳየት ከጎረቤት አገር አንድ ታሪክ እንናገራለን።

በታኅሣሥ ወር 2000 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2007 መጨረሻ፣ በኬንያ የፕሬዚዳንት ምርጫ ተደርጎ ውጤቱ በተነገረ ጊዜ ታላቅ ሁከት ተነሣ። ከ1,000 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩም ከቤታቸው ተሰደዱ። መንግሥትም ራዲዮና ቴሌቪዥን ወሬውን በቀጥታ እንዳያስተላልፉ ከለከለ። እንግዲህ በአንድ መንደር የሆነውን የሌላው መንደር ሰው የሚያውቅበት መንገድ ጠበበ፤ በየቦታው የተገደለውና የተቃጠለውም ሳይመዘገብ ሊቀር ሆነ።

ወይዘሮ ኦሪ ኦኮሎህ ሕግ የተማሩ ኬንያዊት ናቸው። በዚያን ጊዜ ይኖሩ የነበረው በደቡብ አፍሪካ ሲሆን ለምርጫው ወደ አገራቸው ገብተው ነበር። ጥፋቱ የተፈጸመበትን ስፍራ ሁሉ በካርታ ላይ የሚያሳይ ነገር ሊሠራ የሚችል የኮምፒዩተር ዐዋቂ ይገኝ እንደ ሆነ በኢንተርኔት ጠየቁ። በአሜሪካ በአላባማ ይኖሩ የነበሩት ኬንያዊው አቶ ዴቪድ ኮቢያ ፕሮግራሙን ጻፉ፤ በሱዳንና በኬንያ ያደጉት አቶ ኤሪክ ሄርስማንና በአሜሪካ የኮምፒዩተር ሳይንስ የተማሩት ኬንያዊት ወይዘሮ ጁሊያና ሮቲችም አብረዋቸው ቆሙ። ሥራው የፈጀው ጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ስሙንም «ኡሻሂዲ» አሉት፤ በስዋሂሊ ቋንቋ ምስክርነት ማለት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ተራ የእጅ ስልክ ያለው ሰው ያየውን ነገር በአጭር የጽሑፍ መልእክት ይልካል፤ ኢንተርኔት ያለውም በዚያው ይጽፋል። ቦታውና ቀኑ ተለይቶ በካርታ ላይ ምልክት ይደረግበታል። ከዚያም የመጣው ቃል ከሌላ ወገን ከተገኘ ወሬ ጋር ይመሳከራል፤ የተረጋገጠውና ገና ያልተረጋገጠው ተለይተው ይታያሉ። መሥራቾቹ እንደሚሉት በኬንያ 45,000 ያህል ሰዎች ተጠቅመውበታል።

እኛ በፍርድ ቤት መዝገብ ስናገላብጥ የኖርን ጸሐፊዎች ይህን ታሪክ ባነበብን ጊዜ ይበልጥ ደስ ያሰኘን የኮምፒዩተሩ ጥበብ አይደለም። የተረጋገጠውን ካልተረጋገጠው መለየታቸው ነው። በችሎት ያየ ምስክር አለ፤ የሰማ ምስክር አለ፤ ከሰማ የሰማም አለ፤ እርሱንም የስሚ ስሚ እንለዋለን። ሦስቱን ቀላቅሎ የሚጽፍ ጸሐፊ ዳኛውን ያሳስታል፤ ዳኛው ሲሳሳትም የሰው ቤት ይፈርሳል። በስልክ የሚመጣው ወሬ አብዛኛው የስሚ ስሚ መሆኑን ማን ይክዳል? ወጣቶቹ በዚያ ሁሉ ሽብር መካከል ሆነው ይህን ልዩነት መጠበቃቸው ለእኛ ከፕሮግራሙ የሚበልጥ ዕውቀት ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ይኸው መሣሪያ በሩቅ አገር ተፈተነ። በጥር 4 ቀን 2002 ዓ.ም. በሃይቲ ዋና ከተማ በፖርቶ ፕሪንስ አጠገብ መጠኑ 7.0 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። ከተማይቱ ፈረሰች፤ ሰዎች በፍርስራሽ ሥር ሆነው በስልካቸው መልእክት ይልኩ ጀመር። በአሜሪካ በቦስተን አጠገብ በሚገኘው በተፍትስ ዩኒቨርሲቲ የፍሌቸር ትምህርት ቤት ተማሪዎች በአንድ የዶክትሬት ተማሪ መኖሪያ ቤት ተሰብስበው ቀንና ሌሊት በኡሻሂዲ ካርታ ላይ የችግሩን ስፍራ ያሰፍሩ ነበር። ለሃይቲ ሰዎችም 4636 የሚባል አጭር የስልክ ቁጥር ተከፍቶ ያለ ክፍያ መልእክት እንዲልኩበት ተደረገ።

እዚህ ላይ አንድ ችግር ተነሣ፤ የዚህ ጽሑፋችን ፍሬ ነገርም በእርሱ ላይ ነው። ተማሪዎቹ ኮምፒዩተሩን ያውቃሉ፤ የመጣውን መልእክት ግን ማንበብ አይችሉም፤ የተጻፈው በሃይቲ ክሪዮል ቋንቋ ነበርና። ቢተረጎምላቸውም እንኳ ቦታውን ማወቅ አይችሉም። በጭንቅ ላይ ያለ ሰው የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር አይጽፍም፤ እኛ በአዲስ አበባ «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ አለፍ ብሎ» እንደምንለው ይጽፋል እንጂ። ይህን የፈቱት በአሜሪካና በካናዳ ተሰደው የሚኖሩ የሃይቲ ተወላጆች ናቸው። መልእክቱን ተረጎሙ፤ ያደጉበትን ሰፈር ያውቃሉና ቦታውንም አመለከቱ። በሌላ ወገን ደግሞ በልዩ ልዩ አገር ያሉ በመቶ የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች ከሰማይ የተነሣውን ፎቶግራፍ እያዩ ኦፕን ስትሪት ማፕ በሚባለው የጋራ ካርታ ላይ የከተማይቱን መንገዶች በጥቂት ቀናት ሣሉ። የዩኒቨርሲቲው ልጅ ዕውቀት ሥራ ላይ የዋለው የሃይቲው ስደተኛ የእናቱን ቋንቋና የእናቱን ሰፈር ስላልረሳ ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። እናቱ የሚናገሩትን ቋንቋ የሚያውቅ፣ የሰፈሩንም ሰው በስሙ የሚጠራ፣ ደግሞም ኮምፒዩተር የተማረ ልጅ በቤታችን ተቀምጧል። በቦስተን ሁለት ወገን ሆኖ የተፈለገው ዕውቀት በእኛ ቤት በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ይገኛል።

ችግሩም ሩቅ አይደለም። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብር የሚባለውን የስልክ ገንዘብ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀመረ፤ በ2017 በጀት ዓመትም ከ50 ሚሊዮን የሚበልጡ ደንበኞች እንዳሉት አስታወቀ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የዲጂታል መታወቂያ ዐዋጅ ቁጥር 1284 ወጥቶ ፋይዳ የሚባለው መታወቂያ የሕግ መሠረት አገኘ። እንዲህ ሲሆን ገንዘብና መታወቂያ ከደብተርና ከካርቶን ወደ ስልክ እየገቡ ሄዱ። ስልክ ማንበብ ያልቻለ ሰው ዛሬ የሚያጣው ወሬ ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡንም ስሙንም በሰው እጅ ያኖራል። አንዲት ባልቴት ልጃቸው ከዓረብ አገር የላከችላቸውን ብር ለማውጣት የምሥጢር ቁጥራቸውን ለባለ ሱቅ ሲነግሩ፣ ባለ ሱቁ ታማኝ ቢሆን እሰየው፤ ባይሆንስ? ለማረጋገጫ ብሎ ወደ ስልክ የሚላከውንም ቁጥር «አንብብልኝ» ብለው ለአላፊ አግዳሚው የሚሰጡ አዛውንቶች ብዙ ናቸው። እንዲህ ያለው ነገር ተካዶ ክርክር ላይ ሲደርስ ደግሞ ማስረጃው ጭንቅ ነው፤ ቁጥሩን በገዛ አፋቸው ነግረዋልና።

በቀድሞ ዘመን እንዲህ ያለው ችግር በፍርድ ቤት ደጃፍ ነበር፤ ዛሬም አልጠፋም። በግንቡ ጥላ ሥር ጠረጴዛቸውን ዘርግተው የሚቀመጡትን ማመልከቻ ጸሐፊዎች የማያውቅ የለም። ከእነዚህ አንዳንዱ ባለ ጉዳዩ አፉን ሳይከፍት ወረቀቱን ይሞላል፤ ከለመደው ማመልከቻ ስሙን ብቻ ለውጦ ይገለብጣል። እንዲህ ያለውን ማመልከቻ ከመዝገብ ቤት መስኮት ሆነን ስንቀበል ገና ሳናነበው እናውቀዋለን። መልካሙ ጸሐፊ ግን አስቀድሞ ይጠይቃል። መቼ ነው? የት ነው? ማን አየ? ዳኛው ምን እንዲፈርዱልዎ ነው የሚፈልጉት? ወሰን ተገፋብኝ ብለው የመጡ ሴትዮ ልባቸው ያለው በመሬቱ ላይ ሳይሆን ከወንድማቸው ጋር በተጣሉበት ነገር ላይ እንደ ሆነ በመጠየቅ ይገኛል። ከጻፈም በኋላ ያነብላቸዋል። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት ባለ ጉዳዩ የተጻፈው እውነት መሆኑን ማረጋገጥ አለበትና፣ ሳይነበብለት እንዴት ያረጋግጣል? ምስክርም ቃሉ «ተነቦልኝ ስሰማው የሰጠሁት ቃል ነው» ብሎ የሚፈርመው ስለዚህ ነው።

ለምሩቃን ልጆቻችን ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት የምንሰጣቸው የለንም፤ መጠየቅ፣ መጻፍ፣ መልሶ ማንበብ። መንግሥት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር ሆኖ የአምስት ሚሊዮን ኮደሮችን ትምህርት ጀምሯል። ኮድ መጻፍ መልካም ጥበብ ነው፤ እኛም ልጆቻችንን እናበረታታለን። ነገር ግን ባለ ዲግሪ ሆነው በግዕዝ ፊደል አንድ ገጽ አስተካክለው መጻፍ የማይችሉ፣ ስምና ቁጥር በሠንጠረዥ አሰልፈው መደመር የሚያቅታቸው፣ በስልክ የመጣ ወሬ ከየት እንደ ተነሣ ሳይመረምሩ ወደ ሌላ የሚያሻግሩ ወጣቶች እናያለን። ፊደላችን እንኳ በዓለም ኮምፒዩተሮች ሁሉ እንዲነበብ ተደርጎ ዩኒኮድ በሚባለው ሥርዓት ከገባ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1999 ጀምሮ፣ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎታል። ከዚያ በፊት የነበሩ ባለ ሙያዎች ፊደሉን በኮምፒዩተር ለማስገባት ስንት ደክመዋል! ዛሬ በእያንዳንዱ ልጅ ኪስ ሲገኝ፣ አማርኛውን በላቲን ፊደል እየቆራረጠ የሚጽፈውን ምሩቅ ስናይ እናዝናለን። እናቱ አማርኛ አንባቢ ቢሆኑ እንኳ ያን ጽሑፍ ማንበብ አይችሉምና።

ተማሪን ወደ ሕዝብ መላክ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1950ዎቹ ዓመታት መካከል የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት በተባለው ሥርዓት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች እየሄዱ እንዲያገለግሉ ይደረግ ነበር፤ ብዙዎቹም ያስተምሩ ነበር። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ብዙ ወጣቶችን አሰማርቷል። እነዚያ ከቤታቸው ርቀው ሄዱ። ዛሬ የምንለው ግን ከመኝታ ክፍል እስከ ማድ ቤት ያለውን መንገድ ነው።

ስለ ቤቱ ሥርዓት ጥቂት እንበል። ልጁ እናቱን ሲረዳ ስልኩን ከእጃቸው ተቀብሎ በአንድ ጊዜ ፈጽሞ ባይመልስ ይሻላል፤ እንዲህ ከሆነ ነገም ሱቅ መሄዳቸው አይቀርም፤ እርሱ ሥራ አግኝቶ የሄደ ዕለት ደግሞ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ስልኩ በእናቲቱ እጅ ይሁን፤ ልጁ በአጠገባቸው ተቀምጦ በቃሉ ይምራ። ተራ ስልክ ያላቸውም እንደ ሆነ ኮከብ 127 መሰላል ብለው ደውለው የቴሌብርን ዝርዝር ያገኛሉና ትልቅ ስልክ ካልተገዛ አይሆንም የሚባል ነገር የለም። የምሥጢር ቁጥሩን ሲያስገቡ ልጁ ፊቱን ያዙር። ይህን የምንለው ልጁን ጠርጥረን አይደለም፤ ለልጃቸው ያልነገሩትን ቁጥር ለባለ ሱቅ አይነግሩምና ነው። አባቶችም ልጁ ይህን ሲያደርግ «አምስት ዓመት የተማርከው ለዚህ ነው?» የሚለውን ቃል ይተዉ። ይህ ቃል ስንቱን ወጣት ከጎረቤቱ እንደ ለየው እኛ እናውቃለን።

ምሩቃኑ ሦስት አራት ሆነው ከቤት ወጥተው ለሰፈር የሚሆን ነገር ለመሥራት ቢያስቡ ደግሞ አስቀድመው መጠየቅን አይርሱ። ብዙ ወጣቶች አስቀድመው የስልክ ፕሮግራም ይሠሩና ከዚያ በኋላ ችግር ፍለጋ ይወጣሉ። ወይዘሮ ኦሪ ችግሩን አስቀድመው ተናገሩ፤ ፕሮግራሙ በኋላ መጣ። በሰፈር ውስጥ ችግሩን የሚያውቀው እድር ነው። ከወርኃዊው ስብሰባ በኋላ ለሽማግሌዎቹ ከሚቀርበው ጥያቄ ይልቅ የሚሰማው መልስ ረጅም ቢሆን መልካም ምልክት ነው። ምናልባት የሚቸገሩት ውኃ የሚመጣበትን ቀን ባለማወቅ ይሆናል፤ ምናልባት የታመመ አባል ቶሎ ባለመሰማቱ ይሆናል። ሁለቱም በአጭር የጽሑፍ መልእክት የሚቃለሉ ናቸው፤ ማንበብ ለማይችለው ደግሞ በድምፅ ተነግሮ ይላክለታል።

ሌላ ነገር ያልተገኘ እንደ ሆነ ከእድሩ መዝገብ መጀመር ይቻላል። በብዙ ሰፈር የአባላቱ ስምና መዋጮ በአንድ ያረጀ ደብተር ላይ ብቻ የተጻፈ ነው፤ ደብተሩ ውኃ ቢነካው ወይም ጸሐፊው ቢሞቱ ማን ከፍሎ ማን እንደ ቀረበት የሚያውቅ አይኖርም፤ ከዚህ የተነሣ የሚመጣውን ጠብ በችሎት አይተነዋል። ሁለት ምሩቃን በሁለት እሑድ ይህን ሁሉ በኮምፒዩተር ሠንጠረዥ ሊያሰፍሩት ይችላሉ። የእያንዳንዱ አባል ሒሳብ ለራሱ ብቻ ይነበብለት፤ በጉባኤ ፊት የማንም ውዝፍ አይጠራ። ደብተሩም ወዲያው አይጣል፤ ቢያንስ አንድ ዓመት ከኮምፒዩተሩ ጎን ይቆይ። ሽማግሌው ጸሐፊ መነጽራቸውን አድርገው በየወሩ ቁጥሩን ከቁጥር ያስተያዩ፤ ልዩነት የተገኘ እንደ ሆነ መጀመሪያ የሚመረመረው ኮምፒዩተሩ ይሁን።